በቅሎዋ የሌለችበት አራተኛ ክፍል

አማትና አማች ሆድና ጀርባ ናቸው ይባላል። ባለድምፁና የሚስቱ እናት ግን እዚያ ደረጃ ለመድረስ እንኳ ብዙ ይቀራቸው ነበር፤ ሆድና ጀርባ ቢያንስ አንድ ገላ ላይ ናቸው። አሮጊቷ ለልጃቸው መሐንዲስ ወይም የጥርስ ሐኪም ሲጠብቁ፣ የመጣላቸው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ «ወይኔ ክንዴን!» እያለ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሆነ። ሥራው በቪዲዮ ጌም ውስጥ ላሉ ሰዎች ድምፁን መስጠት መሆኑ ሲነገራቸው በጥሞና አዳመጡና፣ «ጥሩ። ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ያስታረቃቸው «መንገደኛው» ነው። መንገደኛው የጌሙም የጀግናውም ስም ነው፤ ድምፁም የባለድምፁ ነው። አሮጊቷ ባላቸው ሞቶ ልጃቸው ቤት ሊኖሩ በመጡ ሰሞን ብቸኝነቱ ሲከብዳቸው ሳሎን የተቀመጠውን ጥቁር የጌም ማሽን መነካካት ጀመሩ። አንድ ቀን ባለድምፁ ከሥራ ሲመለስ የመጫወቻውን እጀታ፣ ጆይስቲኩን፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ አውጥተው፣ መንገደኛውን ወንዝ ሲያሻግሩ አገኛቸው።

«ይሄ ሰውዬ አንተ ነህ?» አሉት።

«ድምፁ የኔ ነው፣ እማማ።»

«ምራቁን የዋጠ ሰው ነው። ና፣ ቁጭ በል፣ ልጄ።»

ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር። ባለድምፁ ጫማውን ሳያወልቅ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል አብረው ጨረሱ። እሳቸው ይጫወታሉ፣ እሱ ከጎናቸው ሆኖ መንገደኛው በቴሌቪዥኑ ሊናገር ሲል እኩል አብሮት ይናገራል። እሳቸው ደግሞ ጀግናውን ትተው አማቻቸውን ያያሉ። እንዲህ ያለ ፍቅር በሁለት ሰዎች መካከል በሽቦ አማካይነት ሲመጣ አይቼ አላውቅም፣ መጣ ግን።

አሮጊቷ ከመንገደኛው ሌላ የሚወዱት ቢኖር በቅሎዋን ነው። በአንደኛው ክፍል ከገበያ የገዟት፣ ያኔ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር በቅሎ ነበረች። ዳሚት ብለው ስም አወጡላት፣ ቀለቧን ሳያጓድሉ ሦስት ክፍል ሙሉ አሳደጓት። ሰይፍና ጋሻ መግዛት ሲገባቸው ለበቅሎዋ ኮርቻ ገዙ፤ በዚህም ምክንያት መንገደኛው በባዶ እጁ ስንት ሽፍታ እንደገጠመ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ሦስተኛው ክፍል ያለቀው ክፉ ቦታ ላይ ነበር። መንገደኛው ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ዳሚት ወደ እሱ የወረደውን ገመድ በጥርሷ ይዛ አፋፉ ላይ ቆመች፣ ምስሉም እዚያው ደርቆ ቀረ።

«ይወጣል አይደል?» አሉ አሮጊቷ።

«በአራተኛው ክፍል እናያለን፣ እማማ።»

እዚህ ላይ ነው ነገር የመጣው። ጌሙን የሚሠራው ድርጅት የጥቁሩ ተቀናቃኝ ከሆነው ከነጩ ማሽን አምራቾች ጋር ተዋዋለ፤ አራተኛው ክፍል አንድ ዓመት ሙሉ በነጩ ማሽን ላይ ብቻ ይኖራል፣ ጥቁር ማሽን ያለው ሰው ዓመቱን ይጠብቃል። በጌም ንግድ ይህ የተለመደ ነው፤ እንግዳው ነገር ውሉን ያረቀቀው ጠበቃ ነበር። ጠበቃው ሥራውን ከልቡ የሚወድ፣ ለብቻ የተባለውን ነገር ለብቻ ሳያደርግ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። «የመንገደኛው ድምፅ ተቀናቃኝ ማሽን ባለበት ቤት ውስጥ ዓመቱን አይሰማም» የሚል አንቀጽ ጨመረበት። ባለድምፁም አራተኛው ክፍል ውስጥ በመኖሩ ብቻ ደስ ብሎት፣ ሳያነብ ፈረመ።

ጠበቃው ቤት ድረስ ለቁጥጥር መጣ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጥቁሩን ማሽን አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«እዚህ ቤት ውስጥ መናገር አይችሉም» አለ።

«ቤቴ እኮ ነው» አለ ባለድምፁ።

«ይቺን ራሷን አሁን ማለት አልነበረብዎትም።»

«መሳቅስ?»

«መንገደኛው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይስቃል። ሳቁ ተሸጧል። ማስነጠሱም ዋሻው ውስጥ አለ። እሳቱ ዳር ተኝቶ ስለሚያንኮራፋ ማንኮራፋቱም የነጩ ማሽን ነው።» ጠበቃው ትንሽ አሰበና ሰው መሆኑ ትዝ አለው። «መንገደኛው አይስልም። ሳል ነፃ ነው።»

ሚስቱ ማሽኑን አውጥተን ጎረቤት እናስቀምጠው ስትል እናትየው ጆይስቲኩን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ይቺን ከቤት የሚያወጣ እኔን አስቀድሞ ያውጣ። ዳሚት ውስጧ ናት።»

ጠበቃው ለዚህ ተዘጋጅቶ ነበር። በስጦታ ያመጣውን ነጭ ማሽን ከነካርቶኑ ወደ አሮጊቷ ገፋ አደረገ። «እማማ፣ በዚህ ዛሬውኑ መጫወት ይችላሉ።»

«በቅሎዬ አለችበት?»

«የድሮው ጉዞዎ ጥቁሩ ውስጥ ነው፤ ወደ ነጩ አይሻገርም። ነጩን የገዙት ሰዎች ደግሞ የፊተኞቹን ክፍሎች ስላልተጫወቱ፣ ይቺ በቅሎ ከየት መጣች ብለው ግራ እንዳይጋቡ ወጥታለች።»

«ሰው ግራ ገብቶት ከሆነ ይጠይቃል እንጂ በቅሎ ያባርራል?» አሉ አሮጊቷ። «ዓመቱ ሲሞላ በጥቁሩ ሲመጣስ ትኖራለች?»

ጠበቃው ዋሽቶ አያውቅም፤ ስለዚህ «ምናልባት» አለ። እሳቸው ካርቶኑን ሳይከፍቱ የአበባ ማሰሮ አስቀመጡበት፣ መጠበቅም ጀመሩ።

በዚህ ዓይነት ባለድምፁ በገዛ ቤቱ ድዳ ሆነ። እንጀራውን በአፉ የሚያገኝ ሰው አፉን ሲዘጉበት ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም። ሌሊት ሚስቱ ማንኮራፋት በጀመረ ቁጥር በክርኗ ትጎሽመዋለች። ቀን የሚያስቀው ነገር ሲመጣ ትራስ ይነክሳል። መጨቃጨቅ ሲያምራቸው ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ «ወጥተን እንጨቃጨቅ?» ትለዋለች፤ የሕንፃው ደረጃ ላይ ይቆሙና ይጀምራሉ። ደረጃው ያስተጋባል። ጎረቤት በሩን ከፍቶ ያዳምጣል፣ መጀመሪያ በትዝብት፣ በኋላ ወንበር እያወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ሁልጊዜ ለሚስትየው ትፈርዳለች፤ ጡረተኛው ሹፌር ደግሞ ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲያስረዱት ይጠይቃል። እንዲህ ባለ ሸንጎ ፊት ተጣልቶ የሚያመርር የለምና ብዙውን ጊዜ ሳይጨርሱት ታርቀው ይገባሉ።

ከአሮጊቷ ጋር ግን ደረጃ የሚባል መፍትሔ አልነበረም፤ ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣም አይወርድም። ባለድምፁ የሚፈራው ይሄንኑ ነው። እኚህ ሴት የወደዱት በድምፁ ነው፤ ድምፁ ከሌለ የቀረው ያው የጥርስ ሐኪም ያልሆነው ሰውዬ ነው። መንገደኛው እንዴት ከጉድጓድ እንደሚወጣ ደረጃው ላይ ለሚስቱ ነግሮ ላካት። እናትየው ግን የውሉን ነገር ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ «ካንቺ አፍ አልፈልግም። ሰውዬው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ራሱ ይንገረኝ» አሉ።

አጠገባቸው ቁጭ አለ። ሳለ። እንደ ለቅሶም እንደ ይቅርታም አድርጎ በሚችለው ሁሉ ሳለ። አንድ ጊዜ ሳል እሺ ነው፣ ሁለት ጊዜ አይሆንም፣ ረዥሙ ደግሞ እወድዎታለሁ እማማ ነበር። አሮጊቷ መጀመሪያ አዝነው ዝንጅብል በማር አፈሉለት። ቀጥለው ጉንፋኑ እንዳይጋባባቸው ፈቀቅ አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ ልጄ ማለቱን ተዉት፤ ሲፈልጉት ለልጃቸው «ሰውዬው የት ሄደ?» ይላሉ፣ እሱ እዚያው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ።

ያ የደረቀ ምስል ግን ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳለ ነው፦ ጉድጓዱ፣ በቅሎዋና ገመዱ። አሮጊቷ ሲያዩት ሲያዩት አንድ ቀን አላስችል አላቸውና፣ «እንግዲህ ይቺ በቅሎ ስንት ጊዜ ቆማ ትቀራለች?» ብለው ራሳቸው መተረክ ጀመሩ። ለልጃቸው ተረኩላት። ልጅየዋ ለልብስ ሰፊዋ ነገረች፣ ልብስ ሰፊዋ ጡረተኛውን ሹፌር ጠርታ መጣች፤ ደረጃው ላይ ወንበር ማውጣት የለመደ ሕዝብ ሁሉ ወንበሩን ይዞ ወደ ሳሎኑ ዘለቀ። ሹፌሩም ጥቁር ማሽን ነበረው፤ መጠበቅ ሰልችቶት ለእህቱ ልጅ ሰጥቶታል።

በአሮጊቷ ትረካ ሥራውን ሁሉ የምትሠራው ዳሚት ናት። ገመዱን ዛፍ ላይ ታስራለች፣ ጅብ ታባርራለች፣ ከጉድጓዱ ጋር ትደራደራለች። መንገደኛው ከታች ሆኖ ዝም ይላል። የሚናገርለት ስለሌለ አንዲት ቃል አልሰጡትም። ባለድምፁ ጥግ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ይሰማል፤ በበቅሎ መቅናት ምን ያህል እንደሚያዋርድ ያወቀው ያኔ ነው። ቀናባት።

ጠበቃውም በየጊዜው ለቁጥጥር ይመጣል። መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ያቀና ነበር፤ በኋላ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ ቁጥጥሩን ረስቶ ገና ሲገባ «ገመዱ ቻለላት?» ብሎ የሚጠይቀው እሱ ሆነ።

ዓመቱ ሞላ። ጠበቃው አራተኛውን ክፍል ለጥቁሩ ማሽን በዲስክ ይዞ መጣ፤ ሳሎኑ እንደወትሮው በሰው ሞልቷል።

«መናገር ይችላሉ» አለ ባለድምፁን። ፊቱ ግን አልፈካም። «አምስተኛ ክፍል የለም። ድርጅቱ ትቶታል።»

«እንዴት?» አለች ሚስቱ።

«የነጩ ሰዎች ጌሙን በመጀመሪያው ሰሞን ተሻምተው ገዙት፤ ግን ከመንገደኛው ጋር ምን ያስተሳስራቸዋል? ሌላ ሲመጣ ወደ ሌላው ሄዱ። የጥቁሩ ሰዎች ደግሞ ሦስቱን ክፍል አብረው ቢጓዙም መጠበቅ ሰለቻቸው። አሁን ደርሷል ስንላቸው ምኑ ነው የደረሰው ይላሉ።»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» አሉ አሮጊቷ፣ ዲስኩን እየከተቱ።

ባለድምፁ አምስተኛው ክፍል አላሳሰበውም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ አጠገባቸው በድሮ ቦታው ተቀመጠ። ዓመት ሙሉ በልቡ የተለማመደው ይህችን ደቂቃ ነው። ምስሉ በራ። መንገደኛው አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ከጉድጓዱ ወጣ፣ አቧራውን አራገፈ። አፋፉ ላይ ማንም አልነበረም። ቴሌቪዥኑና ባለድምፁም እኩል፣ በአንድ ጎርናና ድምፅ፣ «ብቻዬን ወጣሁ» አሉ።

አሮጊቷ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ማነው ይሄ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። መንገደኛው።»

«መንገደኛው በቅሎውን ጥሎ አይሄድም።» ዞር ብለው አዩት፤ ተቆጥተው አልነበረም፣ ከልባቸው እየጠየቁት ነበር። «ስንት መከራ አይተን እዚያ ድረስ ስበነዋል። ዓመቱን ሙሉ አንተ የት ነበርክ?»

የትም አልሄደም። አጠገባቸው ነበር። ይህን ለመናገር ምንም ውል አይከለክለውም፣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሳል ነው። አንድ ረዥም ሳል። ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አሮጊቷ አዲሱን ክፍል አወጡና የደረቀውን ምስል መለሱት። በቅሎዋ አለች፣ ገመዱም አለ። ሰው ሁሉ ወንበሩን አስጠጋ።

«ዛሬ ሊወጣ ነው» አሉ አሮጊቷ። «ዳሚት የመጨረሻዋን ልትስብ ነው፤ ስትስብ ደግሞ ሰማይ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች። እኔ ግን ጉሮሮዬ ደከመ።» ሳሎኑን በዓይናቸው ዞሩት። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች፣ ሹፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ዓይናቸው ባለድምፁ ላይ አረፈ። «ትችላለህ?»

ሦስት ክፍል ሙሉ ጀግና የነበረ ሰው ነው። ሽልማት ተቀብሎበታል። ባለድምፁ ግን ሳያንገራግር ምንጣፉ ላይ በእጁና በጉልበቱ ተንበረከከ፣ የመጋረጃውን ገመድ በጥርሱ ያዘና ጮኸ። በእናቷ በፈረሷ ጀምሮ በአባቷ በአህያው የሚጨርስ፣ የበቅሎ ጩኸት ነበር። ጠበቃው ከልምድ ውሉን ሊያወጣ እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ፤ ኋላ ዓመቱ መሙላቱ ትዝ ሲለው መለሰው።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጉድጓዱ ጥልቅ ነበር፣ መንገደኛውም ገና ግማሽ ላይ ነበር።

«ትንሽ ከፍ አድርገው» አሉ፣ «ልጄ።»

ባለድምፁ ከፍ አደረገው።