የእድሩ ስልክ መስመር

ቅዳሜ ጠዋት ሠርካለም እንደ ወትሮዋ በስደት በምትኖርበት ከተማ ጃክሰን ጎዳና ላይ ከአውቶቡስ ወርዳ የእድሩን ክፍል ከፈተች። ማሞቂያውን አበራች፤ ሰባቱን ኮምፒዩተሮች አንድ በአንድ ከፈተች፤ ሟቹ ባሏ ዓምደ ሚካኤል የሰካውን የኢንተርኔት ሳጥን ማንም እንዳይነካካው ወንበር አስጠጋችበት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለአባላቱ የምትሰጠው የኮምፒዩተር ትምህርት በእድሩ የስልክ መስመር ላይ የተመሠረተ ነበር። ኢንተርኔቱ የሚመጣው በዚያው የስልክ ሽቦ ላይ ተደርቦ ነው፤ ለአሮጌው ሕንጻ ሌላ መስመር አልተዘረጋም። ሽቦው ስላረጀ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ስልኩ የሚጮኸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲሞት ነው፤ አባላቱ በቃላቸው የያዙት ቁጥር ያ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ተማሪዋ አበዛሽ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የነርስ ረዳትነት ፈተና ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ልትፈተን ከጎረቤት ከተማ ከሬንተን መጣች። ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ ጮኾ ፈተናው ስለተቋረጠ እንደወደቀች ተቆጥሮባታል።

«ቲቸር፣ ዛሬ ማንም እንዳይሞት ጸልየሻል?» አለች እየሳቀች።

«አንቺ ብቻ ኮምፒዩተሩን አትፍሪው።»

«እኔ የምፈራው ስልኩን ነው። እሱ ከጮኸ፣ ሶ፣ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ልኖር ነው።»

ሠርካለም ስልኩን ትንሽ አየችው። ከዚያ ለሁለት ሰዓት ብቻ ብላ ጎንበስ አለችና የስልኩን ገመድ ብቻ ነቀለች።

አበዛሽ ፈተናውን አለፈች። ተቃቅፈው ሳሉ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ መልከጸዴቅ ገቡ፤ የተነቀለውን ገመድ አይተው ቆሙ።

«የአባላችን የፀዲ ባል ኪዳነ ወልድ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ዐረፈ። ሰባት ጊዜ ደውላ የሚያነሳላት አጣች። እኔንም ያገኘችኝ በሰው በሰው ነው። እስካሁን አጠገቡ ብቻዋን ተቀምጣለች።»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ ጋሼ።»

«አንቺ? ከሰው ሁሉ አንቺ?»

ሠርካለም ጎንበስ ብላ ገመዱን መልሳ ሰካች። ዓምደ ሚካኤል የሞተ ቀን እሷም በዚሁ ቁጥር ስትደውል፣ ንግግሯን ሳትጨርስ እድርተኞቹ «መጣን» ነበር ያሏት።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ መስመሩ ለስልክ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ተቃውሞ እንዳላት ሲጠይቋት «የለኝም» አለች። ባሏ የሰካውን ሳጥን በራሷ እጅ ነቅላ አስረከበች።

ስልኩ ይሠራል። ሰባቱ ኮምፒዩተሮችም በቦታቸው አሉ። ኢንተርኔት የለም፤ ቅዳሜ የሚመጣ ተማሪም የለም።