የገብረኪዳን ቆርቆሮ

ንፋሱ የመጣው በገበያ ቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ።

እኔ ማድቤት ጎመን እከትፋለሁ። ቤቴ ማድቤቱ ነው። ትልቁ ቤት አጠገቡ ቆሟል። ግድግዳ አለው፣ በር አለው፣ ጣራ የለውም። ጣራውን ወልዱ ወስዶታል።

ወልዱን ልንገራችሁና ልገላገል። የባሌ የገብረኪዳን ሚዜ ነበር። ከተጉለት አንዲት በቅሎ እየተፈራረቁ ነው ዲላ የገቡት። ገብረኪዳን ሱቅ ሲከፍት ወልዱ ሚዛን ያዘለት። ቆርቆሮ ስናለብስም መሰላሉን የያዘው እሱ ነው። ገብረኪዳን በየሚስማሩ ስር ቆዳ ካልገባ ጣራ ያፈሳል ብሎ የገዛ ጫማውን የሁለቱንም እግር ምላስ ቆርጦ በጣጠሰው። አልበቃ ሲለው ከኮርቻው ጨመረበት። ከዚያ ምላስ የሌለው ጫማ አድርጎ ቤተክርስቲያን ሄደ። አፈርኩ።

"ቤቴ ከሚያፈስ በጫማዬ ይሳቅ" አለኝ።

ጣሊያን ዲላ ሲገባ ገብረኪዳን ጠመንጃውን ከቆርቆሮው ስር ሸጎጠ። ያየነው እኔና ወልዱ ነን። እኔ አልተናገርኩም።

ጥቅምት ላይ ወሰዱት። መግደላቸውን ሰማሁ፤ የት እንደጣሉት የሚነግረኝ አጣሁ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተቀመጥኩ። የተዝካሩ ዕለት ወልዱ የጣሊያን ካኪ ለብሶ፣ መሰላል አሸክሞ መጣ። ያንኑ መሰላል። ለቀስተኛው እህል አፉ ውስጥ እንዳለ ቆርቆሮዬን አንድ በአንድ ነቀለ። ለጣሊያኑ አዛዥ፣ ለካፒታኖው፣ የቡና መጋዘን ሰራበት። ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ከየገበሬው በአለንጋ ሰብስቦ እስከ አፉ ሞላው።

ከዚያ ወዲህ የምጸልየው ጸሎት አንድ ነው። ቄስ ፊት የሚባል አይደለም።

እና ንፋሱ መጣ። መጀመሪያ ጸጥ አለ። ሰማዩ በወናጎ በኩል እንደ ጉበት ጠቆረ። ከዚያ የጓሮው እንሰት ሁሉ ባንዴ መሬት ድረስ አጎነበሰ። ነጎድጓዱ ድስቴን ከጉልቻው አወረደው። በሩን ልዘጋ ብነሳ በሩ ቀደመኝና ሄደ። የገበያው ሰው እየጮኸ ሲሮጥ ሰፌዱ፣ ቅርጫቱ፣ ጆንያው በአየር ይከተለዋል። አህያ ከነጭነቷ ተንከባለለች። የሳር ቤቶች ክዳን እንደ ቆብ እየተነሳ ሜዳ ላይ ይወድቃል። በረዶው ተከተለ፤ ፊት ይፈነክታል። ገበያው ዳር የነበረው ዝግባ፣ ስንት ዘመን የቆመው፣ ከነስሩ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተጋደመ።

እኔ ግን የማየው መጋዘኑን ነው።

ወልዱ ቸኩሏል፣ ሚስማር ቆጥቧል። ቆዳማ ጭራሽ። የጣራው ጠርዝ ብድግ አለ፣ ተቀመጠ። ብድግ አለ፣ ተቀመጠ።

"በል እንጂ!" አልኩት ንፋሱን። ጮክ ብዬ።

ሄደ። ቆርቆሮው እየተነቀለ፣ እየጮኸ፣ በመብረቁ ብልጭ እያለ በላዬ አለፈ። አንዱ የማድቤቴን ክዳን ጫፍ ገምሶ ወሰደ። ግድ የለም አልኩ። ውሰድ።

ሲያባራ ወርቂቱ ከጓሮ ጮኻ ጠራችኝ። ወርቂቱ የጌዴኦ ሴት ናት፣ አማርኛዋ ወንድና ሴት ያቀላቅላል፤ አጥራችን አንድ ነው።

"የትሜ! ነይ፣ ነይ! ሰማይ ቆርቆሮ ወለደች!"

እንሰቷ እንደ ማበጠሪያ ተተልትሏል። ከመሀሉ አምስት ቆርቆሮ ወድቋል። ሌላው በየዛፉ ተጠምጥሞ ተጨማዶ ቀርቷል፣ ለምንም አይሆንም። እነዚህ አምስቱ ደህና ናቸው። አገላበጥኳቸው። አንዱ ቀዳዳ ላይ ቁራጭ ቆዳ ተጣብቃለች። አውራ ጣቴን ጫንኩባት።

"መልሺለት" አለች ወርቂቱ። "ወልዱ ክፉ ነች። ቤቴን ያቃጥላል።"

"የኔ ነው።"

"ያንቺ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። አለንጋው አታውቅም።"

"ዝናቡ ያቆማል?"

ወደ ላይ አየች። "የት ታቆማለች! ገና ጀመረች።"

"ያለ ጣራ ቡናው ይበሰብሳላ።"

የሷም ጀንፈል እዚያ ውስጥ ነው። ባሏ ጀርባው ተተልትሎ ነው ያስረከበው። ጉርድ ቀሚሷን ሰበሰበች።

"ጉድጓድ አለኝ" አለች።

የቆጮ ጉድጓዷን ማለቷ ነው። ቆጮውን አወጣን። ቆርቆሮዎቹን እንደ ሰሌን ጠቅልለን ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር አስጠጋናቸው፣ በላዩ የእንሰት ቅጠል አለበስን፣ ቆጮውን መልሰን ረገጥን፣ ድንጋይ ጫንን። ወገቤ ተቆረጠ። ሽታው ከእጄ አልለቅ አለ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ አዋጅ ተነገረ፤ ቆርቆሮ ያገኘ ያምጣ፣ የደበቀ ይገረፋል። ማንም አላመጣም። ወልዱ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደር፣ አስከትሎ መጣ።

"የትምዬ፣ እንደምን አለሽ?"

"እንዳየኸኝ።"

"ቆርቆሮው ወደዚህ ሲበር አይቻለሁ።"

"እኔም አይቻለሁ። ወደ ዱመርሶ ሄደ። ብትሮጥ ትደርስበታለህ።"

"አትቀልጂ። ካፒታኖው ይርጋጨፌ ነው ያለው። መንገዱ በዛፍ ተዘግቶ ነው እንጂ ዛሬ በመጣ ነበር። ቡናው ዝናብ ላይ ነው።"

"እኔም ዝናብ ላይ ነኝ። አምስት ወር ሆነኝ።"

ቤቱን በረበሩ። ምን ይበረበራል? አንድ መደብ፣ ሁለት ድስት። ወርቂቱ ጓሮ ገቡ። አስካሪው የጉድጓዱን ድንጋይ አንስቶ ሳንጃውን መሀል ለመሀል ሻጠ። ቆርቆሮው ዳር ዳሩን ነው፤ ሳንጃው አፈር ነካ። ሽታው ወጣ። አስካሪው አፍንጫውን ይዞ ዞረ።

"ቅመስ እንጂ!" አለችው ወርቂቱ። "ለእንግዳ ነች!"

ወልዱ ከንፈሩን ነክሶ ወጣ።

ዝናቡ እሷ እንዳለችው ሆነ። ጧት ይጥላል፣ ከሰዓት ይጥላል። ወንዱ ሁሉ ዛፍ ሊያነሳ መንገድ ላይ ተነድቷል፤ ለወልዱ ሳር የሚያጭድለት ጠፋ። የእንሰት ቅጠል ፍለጋ ወጣ። ቅጠል የታለ? ንፋሱ ተልትሎታል። ደህና ቅጠል ያላቸው ሴቶች የለንም አሉት። ጀንፈሉ ጆንያ ውስጥ ይሞቅ ጀመር። ጧት ጧት ጣራ ከሌለው መጋዘን ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይነሳል። እሱን ሳላይ ቁርስ አልበላም።

አንድ ቀን ጧት ወልዱ ብቻውን መጣ። አስካሪ የለ፣ አለንጋ የለ። ካኪው ከጀርባው ተጣብቋል። ደፉ ላይ ቁጭ አለ፣ ድሮ ራት ሲጠብቅ እንደሚቀመጠው።

"አንቺ ጋ ነው" አለ። "አውቃለሁ።"

"ካወቅህ ውሰዳ።"

"የትምዬ፣ ይገለኛል። ቡናው ከጠፋ ካፒታኖው ይገለኛል። ልጆች አሉኝ።"

"እኔ ልጅ አልወለድኩም። ሳልወልድ ወሰዳችሁብኝ።"

መሬት መሬት አየ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገረ።

"ገብረኪዳን ያለበትን አውቃለሁ።"

ጎመን የምከትፍበት ቢላዋ ከእጄ ወደቀ። አላነሳሁትም። ስድስት ወር ሙሉ በየደጃፉ ለምኛለሁ። ገደል ጥለውታል ያለኝ አለ፣ ለጅብ ሰጥተውታል ያለኝ አለ። ወልዱ ጋም ሄጄ ጫማው ላይ ወድቄ ለምኜው ነበር። የማውቀው የለም ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

"ቆርቆሮውን ስጪኝና አሳይሻለሁ" አለ።

በዚያች ደቂቃ ልሰጠው ነበር። እግሬ ወደ ጓሮ ተነስቷል። ከዚያ ካኪውን አየሁ።

"መጀመሪያ ባሌ" አልኩ።

"ከዚያስ?"

"ገብረኪዳን ቤተክርስቲያን ይግባ። ፍትሐት ይደረስለት፣ አፈር ይልበስ። የዚያኑ ሰዓት ቆርቆሮው ያለበትን አሳይሃለሁ።"

"በይ ማይልኝ።"

"ገብረኪዳንን።"

አመነ። በሱ ስም እንደማልዋሽ ያውቃል። ደግሞም አልዋሸሁም።

"ዛሬውኑ ይሁን" አለ። "ካፒታኖው ሳይመጣ።"

ከወናጎ መንገድ በታች፣ ለመንገድ ድንጋይ ያወጡበት ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ንፋሱ አጠገቡ ያለውን ዛፍ ነቅሎ አፈሩን አላልቶታል፤ ብዙ አልቆፈርንም። እኔና ወርቂቱ በእጃችን ነው የቆፈርነው። ወልዱ ከላይ ቆሞ አልወረደም። መጀመሪያ ያገኘሁት ጫማውን ነው። ጭቃውን ጠረግኩ። ምላስ የለውም።

ወርቂቱ "አልቅሺ" አለችኝ።

"ኋላ" አልኩ።

በነጠላዬ ሰብስቤ ጣራ የሌለው ቤቴ አስገባሁት። ወልዱንና አባ ገሪማን ደጅ አቆምኩ። የደብሩ ቄስ ናቸው፤ የሬሳውን መገኘት ሰምተው ሮጠው መጥተዋል።

"እኔው ልገንዘው፣ አባ። እርስዎ ከደጅ ይድገሙ።"

"ደንቡ..."

"ደንቡ ጣራ ባለው ቤት ነው።"

ጸሎታቸውን ጀመሩ። ወርቂቱ በጓሮ በር ገባች፣ ወጣች፣ ገባች። ከምንም በላይ የፈራሁት ድምፁን ነበር። የአባ ገሪማ ዜማ ከፍ ሲል እናስገባለን፣ ዝቅ ሲል ቆመን እንጠብቃለን። ባሌን በሸማ ጠቀለልኩት። ሸማውን በቆርቆሮ፣ አንዱን በአንዱ ላይ፣ አምስቱንም። በላዩ ሰሌን። በቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርገን አሰርን። ቆጮ ቆጮ ይሸታል። ሬሳ ነው፤ ማን ይጠይቃል?

ለቃሬዛው ወንድ ጠፋ። ከኋላ እኔና ወርቂቱ ያዝን። ከፊት ዲያቆኑ አንዱን ጫፍ ያዘ። ሌላው ጫፍ ባዶ ቀረ። አባ ገሪማ ወልዱን አዩት።

"ሚዜው አይደለህም እንዴ?"

ተሸከመ። ዳገቱን፣ በጭቃው፣ በዝናቡ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ከኋላው እሰማለሁ። ትከሻው ጎበጠ።

"ለአጥንት ይከብዳል" አሉ አባ ገሪማ።

"በቁሙም ከባድ ነበር፣ አባ" አልኩ።

ወርቂቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሰው የምታለቅስ መሰለው።

ፍትሐቱ ደረሰለት፤ ገብረኪዳን መቃብር ወረደ። አፈር ለበሰ። ወልዱ እጁን እያሻሸ መጣ። ዝናቡ ከባርኔጣው ጫፍ ይንጠባጠባል።

"በይ እንግዲህ። የታለ?"

በጣቴ አሳየሁት። መሬቱን አየ፣ እኔን አየ። አልገባውም።

"ምኑ?"

"ቆርቆሮው። ገብረኪዳን ለብሶታል።"

"ምን አልሽ?"

"ተሸክመኸው መጣህ። ትከሻህን ጠይቀው።"

እጁ ወደ ትከሻው ሄደ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። አባ ገሪማ ሰምተዋል፤ መስቀላቸውን አጥብቀው ይዘው ወደ ሌላ በኩል ዞሩ።

"አሳይሃለሁ አልኩ፣ አሳየሁህ" አልኩት። "ዶማው ያውልህ። ቆፍረህ ውሰድ።"

ዶማውን አነሳ። እውነቴን ነው፣ አነሳው። ወርቂቱ መቃብሩ ላይ ቁጭ አለች። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለቀብር የመጡት ሴቶች እየመጡ ጎናችን ተቀመጡ፣ ጭቃው ላይ፣ በዝናቡ። ጎረቤታችን ሀጅራ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ እስላም ስለሆነች ከቅጥሩ በር ላይ ነበረች።

"ወልዱ!" ብላ ጮኸች። "እኔ አልገባም። አንተ ግን በዚህ በር ነው የምትወጣው!"

ዶማውን ይዞ ቆመ፣ ቆመ። ከዚያ ጥሎት ሄደ።

ካፒታኖው መንገዱ እንደተከፈተ መጣ። ጆንያዎቹን አስፈቱ። ጀንፈሉ ሻግቶ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ፋንድያ ይጨሳል። ካፒታኖው በእጁ ነክቶ አሸተተና እጁን በወልዱ ካኪ ጠረገ። ካኪውን አስወለቁት። ጫማውንም። ገበያው ላይ፣ በወደቀው ዝግባ ግንድ ላይ አስተኝተው ገረፉት፣ ያችው እሱ የያዛት አለንጋ ናት። ከገበሬዎቹ ዞር ያለ የለም። የወርቂቱ ባል ከፊት ነበር፤ አንዱንም ሳያመልጠው አየ።

መኪና ላይ ሲጭኑት ወልዱ ከሰው መሀል አየኝ።

"የትምዬ! ወዴት እንደሚወስዱኝ ጠይቂልኝ! ለልጆቼ ንገሪ!"

የማውቀው የለም አልኩት። ራሱ ያለኝን ቃል ነው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። መኪናው ሄደ።

ቤት ገብቼ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ለወልዱ ግን አይደለም።

ዛሬም ይዘንባል። ማድቤቱ ያፈሳል። ሁለት ድስት ደቅኛለሁ፤ አንዱ ሞልቷል፣ ልደፋው ነው።

ገብረኪዳን ላይ ግን ጠብ አይልም።