አርባ ስምንት ትከሻ

በእኛ የቦይ ዳር መንደር ቤት የሚለካው በክፍሎቹ ብዛት ሳይሆን በሚሸከመው ትከሻ ነው። የሐጂ ላዌ ቤት ሰማንያ ትከሻ፣ የፓሳው ሠላሳ፣ ያሳደገችኝ የአክስቴ የራቢያ ቤት ደግሞ አርባ ስምንት ትከሻ ነው። አያቶቻችን ከሱላዌሲ ወደዚህ የሱማትራ ረግረጋማ ዳርቻ ሲመጡ ልማዱን አብረው ይዘውት መጡ። ቤቶቻችን በረጃጅም የእንጨት እግሮች የቆሙ ናቸው፤ እግሮቹ መሬት ላይ ያርፋሉ እንጂ አይቀበሩም። ቦታ መቀየር የፈለገ ሰው ከወለሉ ሥር ቀርከሃ ያስርና ጎረቤቶቹን ይጠራል። እነሱም ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ይወስዱለታል።

የአክስቴ ቤት በቦዩ አፍ፣ ባሕሩ አጠገብ ነበር። ልጅ ሳለሁ በእኛና በባሕሩ መካከል አራት ረድፍ ኮኮናት ቆሞ ነበር። ጨው ውኃው ሥር ሥራቸውን በላቸው፤ አናታቸው ረግፎ እንደ ምሰሶ ቆሙ፣ ከዚያም አንድ በአንድ ወደቁ። በየዓመቱ ትልቁ የባሕር ሙላት የደረሰበትን ቦታ በመሰላሉ እግር ላይ በቢላ እቀርጽ ነበር። ዘንድሮ መቅረጽ አላስፈለገኝም። ውኃው ወለሉን አልፎ ሰሌናችንን አረጠበው።

የአክስቴ ልጅ አንዋር ባታም ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ይህን ሲሰማ ስልክ ደወለ።

«እማ፣ ቤቱ ከሚቀጥለው ሙላት በፊት ካልተነሣ መጥቼ እወስድሻለሁ። እዚህ ክፍል አለኝ።»

«መስኮት አለው?»

«አለው።»

«ምን ያሳያል?»

«የጎረቤት ግድግዳ።»

ስልኩን ዘግታ ሰሌኑን ፀሐይ ላይ ልታሰጣ ወጣች። እሷ ከሄደች እኔም እዚህ የምቆይበት ምክንያት አልነበረኝም። እኩዮቼ ግማሾቹ ማሌዥያ ናቸው፤ ግማሾቹ የዘይት ዘንባባ እርሻ ላይ ተቀጥረው በጋራ መኝታ ቤት ያድራሉ። እኔም እነሱን መከተሌ ነበር።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ቤቱን ልናነሣ ተሰበሰብን። ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። ከእነዚህም አንዱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሐጂ ላዌ፣ አንዱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ኢማማችን ነበሩ። ሐጂ ላዌ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ቤት በሚነሣበት ጊዜም የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው። «ቢስሚላህ» ሲሉ ሁላችንም ቀና አልን። በባሕሩ በኩል ያለው ጎን አንድ ስንዝር ተነሣ። የየብሱ ጎን ግን ንቅንቅ አላለም። ቤቱ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ። ሐጂ ላዌ «አውርዱ፣ ቀስ ብላችሁ» አሉ።

ፓሳው ትከሻውን እያሸ፣ «ቤቱ እንኳ እሺ ብሎ ነበር፤ እኛ ነን ያነስነው» አለ። ቦያችን ውስጥ እንደ እሱ ሰው የሚያስቅ የለም፤ የዚያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም።

አክስቴ በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን ጣፋጭ በትሪ ይዛ ወረደች። «ብሉ። ያልተነሣ ቤትም እንግዳ ያበላል» አለች። ከዚያ ወደ ላይ ወጣች። በግድግዳው ስንጥቅ ልብሷን ስታጥፍ አየኋት።

ጣፋጩን ይዤ ቦዩ ዳር ቁጭ አልኩ። የፓሳው ኮኮናት ወደ ማድረቂያው ምድጃ እየተንሳፈፈ ነበር። እኛ ኮኮናት በጀልባ አንጭንም፤ በቀርከሃ አጥረን ውኃው ላይ እንለቀዋለን፣ ራሱ ይሄዳል። ሁለት ልጆች በላዩ ላይ እየተሯሯጡ ተሻገሩ። ኮኮናቱ ዝቅ አለ እንጂ አልሰመጠም።

አጠገቤ ለነበረው ለፓሳው ያሰብኩትን በጆሮው ነገርኩት። ሰው ፊት መናገር አልወድም። እሱ ግን ይወዳል፤ ወደ እኔ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ስሙኝማ፤ ሳኑ የእማ ራቢያን ቤት እንደ ዶሮ ኮኮናት ላይ ሊያስቀምጠው ነው።»

አሁን ሳቁ። ሐጂ ላዌ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ መጡ።

«ሙላቱ የት ይደርሳል ልጄ?»

«ወለሉ ድረስ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ረፋዱ ላይ።»

ከወለሉ ሥር ገብተው ወራጆቹን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ሆድ የሌለው ጀልባ ነው፤ ሆዱን እኛ እንሰጠዋለን» አሉ።

በዘጠኙ ቀናት ውስጥ ያረጀ የዓሣ መረብ ከየቤቱ ተሰበሰበ። በቤቱ እግሮች ዙሪያና ከሥር ሰፋነው፤ ከዚያ ኮኮናት ሞላንበት። ሰው ሁሉ ከየጓሮው አመጣ። የጣሪያውን ቆርቆሮ አውርደን በጀልባ አስቀድመን ላክን። ቤቱ የሚያርፍበት ቦታ ከሐጂ ላዌ ቤት አጠገብ፣ ከፓሳው ጓሮ ጀርባ፣ ድሮ ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው ተዳፋት ነው፤ በቦዩ ወደ ውስጥ የግማሽ ሰዓት መንገድ።

በዘጠነኛው ቀን ውኃው ገና በጠዋት መምጣት ጀመረ። አክስቴ የቤቱ እምብርት በምንለው በመካከለኛው ምሰሶ ሥር አንድ ሳህን ውኃ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ውኃው ሳይፈስ ከደረሰ ቤቱ በአዲሱ ቦታ ይረጋል ይባላል።

«አክስቴ፣ ውረጂ።»

«ይህ ቤት ያለ እኔ ሄዶ አያውቅም።»

«ከነጭራሹ ሄዶ አያውቅም።»

«እንግዲያው ለሁለታችንም የመጀመሪያችን ነው።»

ኮኮናቶቹ ከታች ወለሉን ማንኳኳት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ኋላ ሁሉም። ከዚያ ማንኳኳቱ ቆመ፤ ተጠጋግተው ገፉ። አንዱ ማዕዘን ተነሣ፣ ሌላው ተከተለ። የመሰላሉ እግር ከጭቃው ሲላቀቅ ድምፁን ሁላችንም ሰማን።

ከሁለቱም ዳርቻ በገመድ ጎተትነው። ለዚህ ትከሻ አያስፈልግም፤ እጅ ይበቃል፤ ስለዚህ ሴቶቹም ልጆቹም ያዙ።

ፓሳው ከዳር ሆኖ ጠየቀ፦ «እማ ራቢያ፣ ጉዞው ወደ ባታም ነው ወይስ ወደ ማሌዥያ?»

«ወደ አንተ ጓሮ። ሚስትህን ምሳ አብስዪ በላት።»

መታጠፊያው ላይ አንድ የቆየ ጉቶ መረቡን ቀደደው። ኮኮናቶቹ እየተንከባለሉ ወጡ፤ በግራ በኩል ቤቱ መዝመም ጀመረ። አክስቴ ሳህኑን በሁለት እጇ ከወለሉ አነሣች። እኔ ውኃው ውስጥ ነበርኩ፤ ገመዴን ለቅቄ ወደ ቀዳዳው ዋኘሁ። ልጆቹ ያመለጡትን እያሳደዱ ወደ እኔ ይገፉ ነበር፤ እኔም በቀዳዳው መልሼ እከታለሁ። አንዱ ሲገባ ሁለት ይወጣል።

ሐጂ ላዌ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «ከባድ ከባዶቻችሁ በቀኝ በኩል ቤቱ ላይ ውጡ» አሉ።

«ማንን ነው ከባድ ያሉት ሐጂ?» አለች የፓሳው ሚስት።

«አንቺን አይደለም።»

«ታዲያ ለምን እኔን ያዩኛል?»

እሷ ግን ቀድማ ወጣች፤ አራት ሴቶች ተከተሏት። በቀኙ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ሲቀመጡ ቤቱ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ቀዳዳውን በሽርጤ ቋጠርኩት፤ የቀረውን መንገድ በቁምጣ ተጓዝኩ። ፓሳው ይህን እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ውኃው ሳይሸሽ ተዳፋቱ ላይ ደረስን። ግንድ ደርድረን እንደ ጀልባ ጎተትነው። ከዚህ ቤት የሚከብድ ስንት ጀልባ እዚያው ወጥቷል። ሐጂ ላዌ እጃቸውን ሲያወርዱ አክስቴ ሳህኑን ወደ ምሰሶው ሥር መለሰች።

«ፈሰሰ?» አሏት።

«ትንሽ።»

«ስንት?»

«ቤቱ ትንሽ ይናወጣል፤ ግን ይቆያል» አለች።

ለአንዋር አልነገረችውም። ሊወስዳት ለበዓል በጀልባ መጣ፤ ከቦዩ አፍም ደወለ።

«እማ፣ ቤቱ የለም።»

«አለ። ውኃውን ተከትለህ ና።»

ሳምንት ሙሉ አብሮን ቆየ። በመስኮቱ በኩል የሐጂ ላዌን ዳክዬዎች ሲያይ ይውል ነበር። ሲሄድ ስለ ባታሙ ክፍል አላነሣም።

ኮኮናቱ የማን የማን እንደሆነ ስለማይለይ መልሶ የወሰደ ሰው አልነበረም። ዝናቡ ሲመጣ ከወለላችን ሥር የቀሩት ማቆጥቆጥ ጀመሩ፤ አንድ አረንጓዴ ጫፍ በሳንቃዎቹ መካከል ወጥቶ አክስቴ ከምትሰግድበት አጠገብ ቆመ። አክስቴ አላስቆረጠችኝም። የቀሩትን በቦዩ ዳር መትከል ጀመርኩ።

ሐጂ ላዌ በረንዳቸው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። «ልፋ ቢልህ ነው ልጄ፤ ጨዉ አንድ ቀን እዚህም ይደርሳል» አሉ።

አክስቴ ከመስኮቱ መለሰችላቸው፦ «ይድረስ። ያኔ እዚህ ያሉት ቤታቸውን የሚያንሳፍፉበት ኮኮናት ይኖራቸዋል።»

ሐጂ ላዌ መቆፈሪያቸውን ይዘው ወረዱ።