ጨዋ የሆንኩበት ፈተና

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሻይ ቅርጫት ተሸክሜያለሁ። በሉዋንግዋ ፓርክ እንግዳ አውሬ ሊያይ በእግሩ ሲወጣ ከፊት ጠመንጃ ያዡ ይሄዳል፤ ቀጥሎ መሪው፣ ከዚያ እንግዶቹ፣ ከሁሉም ኋላ ቅርጫት ያዡ። አንበሳ ከኋላ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔንና ብስኩቱን ነው። የመሪነት ፈተና ሁለቴ ወድቄአለሁ። አንዴ የደረቀ የጅብ አር አይቼ በድንጋጤ ኖራ ነው ብዬ፣ አንዴ ደግሞ ፈታኙን ጉንዳን ላይ አስቀምጬ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ዳግመኛ አይፈተንም። ያን ቀን ብወድቅ እስክሞት ቅርጫት ነበር።

ፈታኟ ባ ካሶንዴ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነበር የመጣችው፤ «ባ» እኛ ዘንድ ለወንድም ለሴትም የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባለፈችበት ሣር አይበቅልም ይባላል። በዚያ ላይ በጎሳዋ ቤምባ ናት፣ እኔ ንጎኒ ነኝ። አያቶቻችን ተዋግተው ተዋግተው ሲታክታቸው የአጎት ልጆች ተባባሉ፤ የአጎት ልጅ ደግሞ ባገኘህበት ይሰድብሃል፣ አንተም አጸፋውን ትመልሳለህ። እነሱ እኛን አይጥ በሊታ ይሉናል፣ እኛ እነሱን ጦጣ በሊታ። ገበያ ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ቢሆን፣ ቀብርም ቢሆን አይቀርም። የሚቆጣ ሰው ነውረኛ ነው።

እኔ ግን የመሪነት ፈቃዱ ነገር አስጨንቆኛልና ለዛሬ ጨዋ ልሁን አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ጠመንጃ ያዡ ባ ሳካላ ከፊት፣ እኔ ቅርጫቴን ይዤ ቀጥዬ፣ እሷ ከኋላዬ ሆነን ወጣን። በፈተናው ደንብ ፈታኟ ምንም የማያውቅ እንግዳ መስላ ትጠይቃለች።

«ይሄ ቀዳዳ የማን ነው?» አለች፣ ገና ከመነሳታችን።

«የአይጥ ነው፣ እመቤቴ።»

«ታዲያ ምነው አለፍከው? ጾም ነው እንዴ?»

የባ ሳካላ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ወጥመድ ነው ብዬ ነዋ!

«ቁርስ በልቻለሁ፣ እመቤቴ። አመሰግናለሁ።»

ፊቷ ጠቆረ። ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጫረች።

የዝሆኑን ፋንድያ፣ የጎሹን እበት፣ የድኩላውን በጠጥ አንድም ሳልስት ነገርኳት። እሷ ግን አትተወኝም።

«አይጡን ከጅራቱ ነው የምትጀምሩት ከጭንቅላቱ?»

«እመቤቴ እንዳሉት።»

«አያቶችህ ከደቡብ ድረስ በእግራቸው የመጡት አይጥ ሲያባርሩ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እመቤቴ ካሉ እውነት ነው።»

ያኔ ብዙ ጻፈች። እኔ የጨዋነት ነጥብ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ረፋድ ላይ ከአንድ ትልቅ ኩይሳ ሥር አረፍንና ሻይ ቀዳሁ። ባ ሳካላ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ።

«ሴትዮዋ ምን አድርጋህ ነው? ጠላት እንኳ እንዲህ አይናቅም።»

«ፈተና ላይ ነኝ፣ ተወኝ!»

ሳንጨርስ አንድ ወንዴ ዝሆን የግራር ፍሬ እየለቀመ መጣ። እጄን አነሳሁ፤ ሁለቱንም ቀስ አድርጌ ከኩይሳው ጀርባ አስገባኋቸው። ነፋሱን በአቧራ ፈተሽኩ። ዝሆኑ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ቆመ። ሁሉም ነገር በመጽሐፉ መሠረት ነው፤ የሚቀረው ዝም ማለት ብቻ። ባ ካሶንዴ ግን ተንሾካሾከች።

«ምነው ትንሽ አይጥ በሆነ እያልክ ነው አይደል?»

በቃ። የጠዋቱ ሁሉ አንድ ላይ ገነፈለ።

«አንቺ የጦጣ አጥንት ጋጭ! ዝም አትዪም? ዝሆኑን የጠራብን ያንቺ ድስት ሽታ ነው!»

ዝሆኑ ጆሮውን ዘረጋ። ባ ሳካላ ጠመንጃውን አጥብቆ ያዘ። እኔ ቅርጫቴን አየሁት፣ እስከ መቃብሬ ሲከተለኝ ታየኝ። ባ ካሶንዴ ወረቀቷን ጥላ እንባዋን ዘረገፈችው።

«እሰይ!» አለች። «ሚያዝያ ላይ ባሌን ስቀብር አንድም ንጎኒ አልመጣም። ሰው ሁሉ በሥርዓት አልቅሶ በሥርዓት ሄደ። እንደ አጎት ልጅ ወግ ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ‹ተነሳ፣ ቦታው የኔ ነው› የሚል ጠፋ። ዛሬ አንዱን አገኘሁ ብዬ ስመጣ እመቤቴ እመቤቴ ትለኛለህ! ምን በደልኩህ?»

አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ። ከጠዋት ጀምሮ ሐዘኗን ይዛ ስታንኳኳ እኔ የማስበው ስለ ነጥቤ ነበር።

«ማን ነበር ስሙ?»

«ቺሳንጋ።»

ዝሆኑን ረስቼ ኩይሳው ላይ ወጣሁ።

«አንተ ቺሳንጋ! አንተ ሰነፍ! ይህችን ምላሰኛ እኛ ላይ ጥለህ ተኛህ? የገደለህ ወጧ እንደሆነ አገር ያውቃል! ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልከው? በል ተነስ፣ ጠጋ በል፣ እኔም ከሷ ልደበቅ!»

ባ ካሶንዴ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነፋች። ቀጥሎ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሳቋና ለቅሶዋ ተደባለቀ። «ድገመው፣ ወጡን ድገመው!» ትላለች። ደገምኩት። ዝሆኑ እንዲህ ያለ ቀብር አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ጅራቱን ሰቅሎ ጫካውን እየሰባበረ ጠፋ።

በመጨረሻ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ፣ ወረቀቷን አንስታ ፈረመች።

«አልፈሃል። ዝሆን ፊት በመጮህህ ግን አምስት ነጥብ ቀንሻለሁ። አሁን ጫማህን አውልቅ።»

«ለምን?»

«የአጎት ልጅ ያማረውን ይወስዳል። ሕጉ ጠፋህ?»

አልጠፋኝም። ለፈተናው ብዬ የገዛሁት አዲስ የቆዳ ጫማ ነበር። ማሰሪያውን ቋጥራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው፤ ለእግሯ ሁለት ቁጥር ይበልጣል።

«ከፈለግኸው» አለች ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ሚያዝያ ላይ ለሙት ዓመቱ መጥተህ ውሰድ።»

እስከ ሚያዝያ ድረስ በጎማ ነጠላ ጫማ እንግዳ መራሁ። ሌላ ጫማ አልገዛሁም።