ካውያው ሲበርድ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ ደግሞ ክር ቆራጯ ነኝ። ክር ቆራጭ ማለት፣ እሷ ሰፍታ የወረወረችውን ልብስ እያነሱ ተንጠልጥሎ የቀረውን ክር ሁሉ በመቀስ መለቃቀም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለቅሜያለሁ። ዶሮ እንኳ የኔን ያህል አልለቀመችም።

በሥራ ክፍላችን ጥግ፣ ጨርቅ የለበሰ ሁለተኛ የስፌት ማሽን አለ። ዓይኔን ከጣልኩበት ቆይቻለሁ። «እትዬ፣ እሱ ላይ መቼ ነው የምቀመጠው?» ባልኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነው። «ሥራ ሲበዛ።» ሥራው ደግሞ መብዛት የሚባል ነገር አያውቅም።

በመጨረሻ አክስቴ የሞተረኛ የዝናብ ካፖርት ሠራች። የፋብሪካው ካፖርት ጉዱ የታወቀ ነው፤ መርፌ በወጋው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ያስገባል፣ በተለይ ትከሻው ላይ። አክስቴ ግን ስፌቱን ከውስጥ በቀጭን ቴፕ ትሸፍነውና በካውያ ትተኩሰዋለች። ቴፑ ሙቀት ሲያገኝ ይቀልጥና ቀዳዳውን ድፍን ያደርገዋል። ሙቀቱን እስክትለምደው ስድስት ካፖርት አቃጥላለች። ሰባተኛው አማረላት።

ወሬው ዕቃ የሚያመላልሱ ሞተረኞች አለቃ ጆሮ ደረሰ። አርባ ሞተረኞች አሉት። ደውሎ እንዲህ አለ፦ «ሐሙስ አስር ሰዓት በላይቭ አሳዩን። ልጆቼም ያሉበት ሆነው ይዩት። ውሃ ካላስገባ ለአርባውም አዛለሁ። ካስገባ የፋብሪካውን እወስዳለሁ፤ እነሱም ዓርብ ጠዋት መልስ ይፈልጋሉ።»

አክስቴ ስልኩን ዘግታ ጥግ ያለውን ማሽን አየችና፣ «አርባ ካዘዘ ማሽኑ ላይ ትቀመጫለሽ» አለችኝ።

«ከአፍሽ ወጥቷል፣ መመለስ የለም» አልኳት።

ላይቩን የማዘጋጀው እኔ ሆንኩ። ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ነው፤ አስተማሪው ክፍልፋይ ሊጀምሩ ሲሉ እኔ ወጣሁ። ሰው ሁሉ «አይ፣ ያሳዝናል» ይለኛል። ክፍልፋይን ያየ ግን አያዝንልኝም ነበር። ስልክ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚደርስብኝ የለም። ስልኬ ሲም ካርድ እንኳ የላትም፤ ዋይፋይ ካላገኘች ድንጋይ ናት፤ ግን በእሷ የማልሠራው የለም።

ረዳት አላጣሁም። ጎረቤታችን ስልክ ጠጋኝ ናቸው፤ እኔ ጋሽ ኔትወርክ ነው የምላቸው። ስልክዎ ባልዲ ውስጥ ወድቆ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ቢወስዱላቸው እንኳ አገላብጠው አይተው «ኔትወርክ ነው» ይላሉ። የላይቩን ሊንክ ለሞተረኞቹ ግሩፕ የሚልኩት እሳቸው ናቸው።

ረቡዕ ማታ የዋይፋዩን ሳጥን ከመስኮቱ አንስቼ ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ አመጣሁት፤ ለስልኬ ቅርብ ይሁን ብዬ። ዲቫይደሩ ላይ ከካውያው ጎን ሰካሁት። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ጊዜ ተለማመድን። አክስቴን ሆኜ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ እሷ መተኮሷን አላቆመችም። «ለልምምድ የሚሆን ጊዜ የለኝም፤ ሲደርስ እናገራለሁ» አለች። ሦስቱም ልምምድ እንደ ቅቤ ሄደልን።

አስር ሰዓት ሞላ። ስልኳን በሁለት ጥቅል ክር መሀል አቆምኳት። ባልዲውም ማንቆርቆሪያውም ተዘጋጅተዋል። ግራጫ ካናቴራ ለብሻለሁ፤ ግራጫ ጠብታ አይደብቅም። ተመልካቹ ሃምሳ ሦስት ደረሰ።

«ይሄው፣ ተመልከቱ» አልኩና ካፖርቱን አገላብጬ አሳየሁ። ከኋላዬ አክስቴ የሌላ ካፖርት ቴፕ ትተኩሳለች። ያማረ ነገር ነበር። ከዚያ «አሁን የሠራችው ራሷ ትነግራችኋለች» ብዬ ዞር አልኩላት። መጥታ ለጉርድ ፎቶ እንደምትነሳ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አንዱ ሞተረኛ «እትዬ፣ ፈገግ በይ እንጂ፣ አናስርሽም» ብሎ ጻፈ። አክስቴም ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ ስልኬ ላይ ያቺ የተረገመች ክብ መሽከርከር ጀመረች።

ላይቩ ቆመ።

በሩ ላይ ወጥቼ «ጋሼ! ይድረሱልን!» አልኩ። ጋሽ ኔትወርክ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ መጡ። ስልኳን አጥፍተው አበሩ። የይለፍ ቃሉን አጥፍተው እንደገና ጻፉ። ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«ኔትወርክ ነው» አሉ። «ከላይ ነው የመጣው።»

«ከላይማ ጣሪያችን ነው ያለው።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ» አለች አክስቴ። ከወንበሩ አልተነሳችም። መቀሴን አንስታ የካፖርቱን ክር መቁረጥ ጀመረች፤ የእኔን ሥራ ማለት ነው። አክስቴ ስትጨነቅ እጇ ሥራ ይፈልጋል እንጂ ድምፅዋ አይጨምርም። «ጠዋት ሠርቷል አይደል?» አለች ቀስ ብላ። «ከጠዋቱ የተለየው ምንድን ነው? እሱን ፈልጊ።»

እውነቷን ነው። ስልኳ ያችው ናት። ቦታውም ያው። የተለየው... ጠዋት ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ እሷ። እሷ ከተቀመጠች ካውያው ጋ ማን አለ? ዞሬ አየሁት። ቀይ መብራቱ ጠፍቷል።

በዚህ መሀል የአክስቴ ስልክ ጮኸ። ቁልፏ ያረጀች ትንሽ ስልክ ናት፤ እሷን ግን ምንም አያቆማትም። አክስቴ አየቻትና ለእኔ ሰጠችኝ። አለቃው ነበር።

«ሴትዮዋ ምን ሆነች? አፏን ከፍታ ቀረች እኮ! ልጆቼ ፎቶዋን አንስተው እየሳቁ ነው። ልዝጋው?»

ጋሽ ኔትወርክ ጆሮዬ ሥር ሆነው «የሰፈሩ ኔትወርክ ጠፋ በያቸው፤ ማን ያውቃል?» እያሉ ይንሾካሾካሉ።

የካውያውን ገመድ በዓይኔ ተከተልኩት። ገመዱ ወደ ዲቫይደሩ፣ ዲቫይደሩ ወደ ግድግዳው፤ የግድግዳው ማጥፊያም ወደ ታች ተጭኗል። ዋይፋዩ ሳጥን ላይ አንዲት መብራት የለችም።

አክስቴ ልማድ አላት። ልጅ ሆና ስትማር፣ አሠሪዋ ከደንበኛ ጋር ስታወራ ካውያ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ተረስቶ ቀሚሱ ጀርባው ላይ ካውያውን የመሰለ ቀዳዳ ወጥቶለታል። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ካውያ እየሞቀ ከደንበኛ ጋር አንዲት ቃል አትናገርም። መንቀሉን አታምነውም፤ ከግድግዳው ነው የምታጠፋው። ይሄን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሳጥኑን እዚያ የሰካሁትም እኔው።

«አልጠፋም፣ አለቃ» አልኩት። «እኛው ነን ያጠፋነው።»

ጋሽ ኔትወርክ ግንባራቸውን መቱ፤ መነጽራቸውንም አብረው።

«ለምን?» አለ አለቃው።

«አክስቴ ካውያ እየሞቀ ከደንበኛ ጋር አታወራም። እርስዎን ልታናግር ስትል ካውያውን ከግድግዳው አጠፋችው። ዋይፋዩን ደግሞ እኔ እዚያው ሰክቼው ነበር። አምስት ደቂቃ ይስጡን።»

ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«አራት» አለና ዘጋው።

አክስቴ ማጥፊያውን አየች፣ እኔን አየች። «ልጄ፣ ልማዴን እያወቅሽ?» አለች፤ ያቺን ብቻ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ካውያውን ነቅዬ ግድግዳውን አበራሁ። ሳጥኑ ላይ አንድ አረንጓዴ መጣ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሦስተኛው ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ጋሽ ኔትወርክ «አጥፍተን ብናበራው...» ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

«ጋሼ፣ እጅዎን! አሁን ካጠፉት እንደገና ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው።»

ሦስታችንም ሳጥኑ ላይ አጎንብሰን ቆምን። ሳጥን ትኩር ብለው ሲያዩት እንደሚያፍር ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ አክስቴ «ተዉት፣ ይሥራበት» ብላ ዞር ስታደርገን አረንጓዴ ሆነ።

አላለቀም። የቆመው ላይቭ ተዘግቷል፤ አዲስ መክፈት ነበረብኝ። ስከፍተው ተመልካቹ ሦስት። ሌላው ሁሉ አሮጌው ሊንክ ላይ፣ አፏን የከፈተች አክስቴን እየጠበቀ ነው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የድሮውን ከግሩፑ ያጥፉት፣ ከዚያ አዲሱን ይላኩ። ሁለቱ አብረው ከተቀመጡ ግማሹ እዚያው ይቀራል።»

«አሁን ይሄን ለእኔ ታስተምሪኛለሽ?» አሉ፤ ግን እንዳልኩት አደረጉ። ሦስቱ አሥራ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ አርባ አራት። የአለቃው ስምም ብቅ አለ።

ካፖርቱን ለብሼ ባልዲው አጠገብ ቆምኩ። ማንቆርቆሪያውን ጋሽ ኔትወርክ ያዙ፤ ስለ ምላሴ ቂም የያዙብኝን ሁሉ ያን ዕለት ነው ያፈሰሱብኝ። «ትከሻዋ ላይ» ብሎ ይጽፋል አለቃው። «ጀርባዋ ላይ። ብብቷ ሥር፣ እጇን ታንሳ።» አንዱ ሞተረኛ ደግሞ «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ» ብሎ ጻፈብኝ።

«ጤዛዋ ደረቅ ናት፣ አንተ ለራስህ እዘን» አልኩት።

አወለቅኩት። ትከሻዬ ደረቅ ነው፣ ጀርባዬም፣ ብብቴም። ከዚያ ግን ቀኝ እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ። አንጓዬ አካባቢ ካናቴራዬ ረጥቧል፤ የሣንቲም ያህል።

አክስቴ አየችኝ። እጄን ያዘችና ስልኳ ፊት አመጣችው።

«እጅጌው ሰፍቷል» አለች፣ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች። «በስፌቱ አልገባም፣ በአፉ ነው የገባው። ላስቲክ አስገባበታለሁ።»

እኔ በሆዴ ማሽኑን መልሼ በጨርቅ ሸፈንኩት። ከዚያ የአለቃው ጽሑፍ መጣ፦ «እጅጌው ተስተካክሎ አሥራ አምስት ሥሩልኝ። ልጆቼ ለብሰውት ካመሰገኑ የቀረውንም እናወራለን። ለፋብሪካው ነገ ቆዩ እላቸዋለሁ። ካውያ የምታጠፋውን ሴትዮ ሰላም በሉልኝ።»

ላይቩን ዘጋሁ። አክስቴ ተነስታ ካውያውን መልሳ ሰካች፤ እኔ ደግሞ ዋይፋዩን ነቅዬ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት።

«እትዬ፣ ማሽኑስ?»

«አርባ ነው ያልኩት።»

«አሥራ አምስት አገኘን እኮ!»

«አሥራ አምስት ከአርባ ስንት ነው?»

«እኔ ክፍልፋይ ሲመጣ ነው የወጣሁት።»

ጋሽ ኔትወርክ በስልካቸው አሰሉ። «ከግማሽ ያንሳል፣ ከሲሶ ይበልጣል» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኔትወርኩ ሠራላቸው።

አክስቴ አሰበች። «እንግዲያው ሙሉ ቀን አይሆንም» አለች። «ከምሳ በኋላ ትቀመጫለሽ። እጅጌውን ነው የምትሰፊው፤ አሥራ አምስት ካፖርት ሠላሳ እጅጌ አለው።» ሄዳ የማሽኑን ጨርቅ ገፈፈችና አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። የሚመለስ ጨርቅ እንዲህ አይታጠፍም።

«የእኔን ስፌት ክር ታዲያ ማን ይቆርጠዋል?» አልኳት።

መቀሱን በመያዣው በኩል አቀበለችኝ።

«ጠዋት ጠዋት፣ አንቺ።»