ትል የበላው ቅጠል

መምህር ኖዛኪ ዕጣን ለኩሰው በአስከሬኑ ፊት ሰገዱና ከጉልበታቸው ሳይነሡ፣ «ልብሱስ አልቋል?» ሲሉ ጠየቁ።

ገንኪቺ ወደ አስከሬኑ ዞረ። ሚስቱ ኢቶ ፊቷ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ምንጣፉ ላይ ተጋድማለች። የሞተችው ትናንት ነው፤ ሳጥኑ እንኳ ገና አልመጣም።

«ጊዜው ነው ያስጨነቀኝ» አሉ መምህሩ። «ተራራው ሳይቀላ ደንበኛዋ እጅ መግባት አለበት። መቼም አንተ ይህን አታጣውም።»

አላጣውም። ካናዛዋ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። የመጸው ልብስ ከመጸው ቀድሞ ይለበሳል፤ ዛፉ ከቀላ በኋላ ቀይ ቅጠል የተሣለበት ልብስ የለበሰች ሴት ከዛፉ ጋር ልፎካከር እንዳለች ተቆጥሮ ይሳቅባታል። ቅጠሉ አይጠብቅም፣ እሺ። ሰውስ አንድ ቀን አይታገሥም?

ጎረቤቲቱ ቶኩ ሻይ አቅርባ ወደ ጓዳ ተመለሰችና ለሴት ልጁ ለቺዙ አንሾካሾከች። ገንኪቺም ሰማ።

«ቅጠል እንዳይቀድማቸው ሮጠው መጡ። ስትታመም እንዲህ ቢሮጡ ምን ነበር?»

«ኧረ ይሰማሉ፣ እትዬ ቶኩ።»

«ይስሙ። እኔ የሳቸው ሠራተኛ አይደለሁም።»

ኢቶ ከልጅነቷ ጀምሮ ለኖዛኪ ቤት ሐር ላይ ስትስል ኖራለች። ሥዕሉ የሷ፣ ስሙ የሳቸው። ከአንገትጌው በታች የሚገባውን ማኅተማቸውን ሳይቀር በቀጭን ብሩሽ የምትጽፈው እሷው ነበረች። ገንኪቺ ደግሞ ጨርቁን ወንዝ ውስጥ ያጥባል። አጥንት በሚቆርጥ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ቀለሙ እንዳይፈስ የተቀባውን የሩዝ ሙጫ ሲያስለቅቅ፣ ቅጠሎቿ ከእጁ ሥር ብቅ ብቅ ይሉለት ነበር።

የከተማው ሠዓሊ ሁሉ ቅጠሉን ትል እንደበላው አድርጎ ይስላል፤ ልማድ ነው። የኢቶ ግን የእውነት የተበላ ይመስላል። አንድ ቀን ገንኪቺ ጓሮ ቁጢጥ ብላ አገኛት።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ትሉ የቅጠሉን ጅማት አይነካም። እየው፣ ዞሮት ነው የሚሄደው። እኛ ግን ዝም ብለን እንበሳዋለን።»

አምና በዐውደ ርእይ ላይ መምህሩ እንግዶቹን ሰብስበው፣ «ይህችን ቀዳዳ ለማግኘት ስንት መጸው ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ» አሉ። ኢቶ ካፖርታቸውን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ቤት ሲገቡ ገንኪቺ፣ «ምነው ዝም አልሽ?» አላት።

«መናገሩን ለሳቸው፣ መሳሉን ለኔ ሰጠን» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

አሁን ቺዙ በወረቀት የተጠቀለለውን ልብስ አምጥታ በሁለቱ መካከል አስቀመጠች። መምህሩ እጃቸውን ዘረጉ። ገንኪቺ ቀደማቸው። ወረቀቱን ፈታ፤ ልብሱን ዘረጋና ለሙት እንደሚደረገው ገልብጦ፣ የታችኛውን ጫፍ ወደ አንገቷ፣ አንገትጌውን ወደ እግሯ አድርጎ ከላይ አለበሳት። የመምህሩ ማኅተም እግሯ ሥር ወደቀ።

«ምን ማድረግህ ነው?» አሉ መምህሩ። «ለደንበኛ የተሠራ ልብስ እኮ ነው።»

«የሙት ልብስ ሆኗል።»

«ሐሩ የኔ ነው።»

«ሐሩ የርስዎ ነው። ነገ ከሷ ጋር ይቃጠላል።»

መምህሩ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «አንሣው። ማን አየ? እኔ ለማንም አልናገርም።»

«እኔ አይቻለሁ» አለች ቶኩ ከጓዳ።

መምህር ኖዛኪ ተነሡ። ሻዩን አልነኩትም። ቺዙ እስከ በር ሸኘቻቸው።

ኢቶ በሕይወቷ ከሣለቻቸው ልብሶች አንዱንም ለብሳ አታውቅም። ገንኪቺ አጠገቧ ተንበረከከና ጫፉን ከአገጯ ሥር ሸጎጠው። ሐሩ ተጨማደደበት። አወጣው፣ በመዳፉ አስተካከለውና እንደገና ሸጎጠው።