የቶራኪቺ ማራገቢያ

ሞት ቀን አይመርጥም ይባላል፤ ሽማግሌው ቶራኪቺ ግን ከቀን ሁሉ የበዓሉን ጠዋት መርጠው አረፉ። ልጃቸው ኩኒዮ በጎህ የበዓሉን ሠረገላ ሊያወጣ ሄዷል። ፍራሻቸው አጠገብ የነበረችው ምራታቸው ሺጌኖ ብቻ ናት። ዋዜማውን "ብሞት እንኳ ሠረገላው ሳይገባ ለልጄ ትንፍሽ እንዳትዪ" ብለው አስምለዋታል።

ለእሳቸው መናገሩ ቀላል ነው። ሬሳ ያለበት ቤት ሰው የአምላክን ሠረገላ አይነካም፣ የሚጎተትበትን ገመድ እንኳ አይሻገርም። ኩኒዮ ደግሞ ዘንድሮ የሠረገላው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይጨፍራል፤ ሃያ ዓመት ገመድ ጎትቶ ያገኛት ቦታ ናት። ሠረገላው የሩዝ ሻጩን ማዕዘን በሩጫ ሲታጠፍ ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ጠርዝ መዝለል አለበት። አምላክ ይህን ድፍረት ዝም ብሎ ያያል? ሺጌኖ ደጃፏ ላይ ቆማ ከበሮው ሲቀርብ ትሰማለች።

"ምነው፣ የምትዘዪው አንቺ ነሽ እንዴ?" አለቻት ጎረቤቷ ኦሪኤ። "ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል።"

"እህል አልቀመስኩም።"

"አባባስ?"

"መስኮቱ ጋ ናቸው።"

ሠረገላው መጣና ደጃፏ ላይ ቀጥ አለ። ሺጌኖ ክው አለች። ይህን ረስታው ነበር። በየዓመቱ ጎታቾቹ የቀድሞው የጣሪያ ጨፋሪ የቶራኪቺ ቤት ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ሽማግሌው በመስኮቱ ፍርግርግ ማራገቢያቸውን ካላወዛወዙ አይንቀሳቀሱም።

"አባባ፣ ሂድ በለኝ እንጂ!" አለ ኩኒዮ ከላይ እየሳቀ።

ሮጣ ገባች። የሟቹን ባለ ሰፊ እጅጌ ልብስ ክንዷ ላይ አጥልቃ ማራገቢያቸውን በፍርግርጉ አወጣችና ሦስቴ አወዛወዘች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የኩኒዮ ሳቅ ግን ከፊቱ ላይ ጠፋ። ያኔ እጇን አየችው። ቀኝ እጇ ነው። የቶራኪቺ ቀኝ እጅ ሽባ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው።

ምን ነካኝ፣ አለች በልቧ። መርዶውን በገዛ እጇ ነገረችው፤ ያውም ጣሪያ ላይ እንደቆመ።

ገመዱ ተወጠረ፣ ከበሮው ፈጠነ። ሺጌኖ ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ጆሮዋን ደፈነች። "አባባ፣ ልጅዎን ይያዙልኝ፤ እባክዎ ይያዙልኝ" ትላለች። ከማዕዘኑ በኩል ሁካታ ተነሣ። ደስታ ይሁን ዋይታ መለየት አልቻለችም። ወጥታ ማየትም ፈራች።

ከቀትር በኋላ በሩ ተከፈተ። ኩኒዮ ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። የበዓል ካባውን ደጅ አውልቆ ገባና አባቱ አጠገብ ተቀመጠ።

"አልዘለልኩም" አለ። "እንደ ሕፃን ጣሪያውን አቅፌ ነው ያለፍኩት።"

"ምን አለ ብትወርድ ኖሮ?"

"ብወርድ ሠረገላው ረከሰ ተብሎ በዓሉ ይቀር ነበር። አባባ እንዲቀር አልፈለገም።"

"ፈርቼ ነበር" አለች ሺጌኖ።

"እኔም።"

የአባቱን ሽባ እጅ አንሥቶ ማራገቢያውን አስያዘው።

"ከተማው ሁሉ ሳቀብኝ" አለ። "ያልሳቀብኝ አባባ ብቻ ነው።"